እግር መሬት ላይ፣ መጋዝ ቅርንጫፍ ላይ

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ቤት የሚገዛ ወገናችን ከቤቱ ጋር ዛፍም ይገዛል። ጣሪያውን፣ የውሃ ማሞቂያውንና ምድር ቤቱን በባለሙያ ያስመረምራል፤ ጓሮ የቆመውን ትልቅ ሜፕል ግን ቀና ብሎ የሚያይለት አይኖርም። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ቅርንጫፉ አሸንዳው ላይ ይተኛል፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የመኝታ ቤቱን መስኮት ይቧጭራል። ያን ጊዜ መሰላል ከጋራዥ ይወጣል። አንዱ መሰላሉን ይደግፋል፤ ሌላው በአንድ እጁ ዛፉን አቅፎ በሌላው መጋዝ ይስባል።

እንጀራዬ የዛፍ ሥራ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ፈቃድ ባለው የዛፍ ባለሙያ ሥር ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የማውቃቸው ሰዎች ሲጠሩኝ በባትሪ የሚሠራውን ባለ ዘንግ መጋዝ፣ እዚህ ሁላችንም «ፖል ሶው» የምንለውን፣ መኪናዬ ላይ ጭኜ እሄዳለሁ። በየሄድኩበት የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ እባካችሁ መሰላሉን መልሱ። መሰላል ላይ የወጣ ሰው ቅርንጫፉ ሲወድቅ የሚሸሽበት የለውም፤ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተወዛውዞ መሰላሉን ሊመታው ይችላል። መሬት ላይ የቆመ ሰው ግን ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል።

ይሁንና ፖል ሶው የሚያሸንፍልን ከፍታውን ብቻ ነው። የቱ ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ የት ላይ፣ መቼ የሚለውን የሚወስነው መጋዙን የያዘው ሰው ነው። ያለ ቦታው ያረፈን ቁርጥ ደግሞ ዛፉ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ይኖራል።

ከመግዛታችሁ በፊት

ፖል ሶው ዘንግ ላይ የተሰካ ትንሽ ቼይንሶ ነው። ባሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ብረት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ዘንጉ ተዘርግቶ የሰውየው ቁመት ሲጨመርበት 4 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ቅርንጫፍ ይደረስበታል። ክብደቱ እንደየሞዴሉ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናሉ። ዘንጉ ታጥፎ ሲያነሱት ቀላል ይመስላል። ተዘርግቶ ጫፉ ወደ ላይ ሲሰቀል ግን ትከሻና ክንድ ያዝላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ሙሉ በሙሉ ዘርጉትና ለጥቂት ጊዜ ወደ ላይ ይዛችሁ ቆዩ። እጃችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አጠር ያለውን ምረጡ።

ባትሪውን በተመለከተ ብዙ ሰው በቁጥር ይሳሳታል። ዲዋልት «20 ቮልት» ሲል ማኪታ «18 ቮልት» ይላል፤ ውስጣቸው ግን ሁለቱም በተርታ የተያያዙ 5 የሊቲየም አዮን ሴሎች አሉ። 20 የሚባለው ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ የሚታየው ልኬት ነው፤ 18 የሚባለው ሲሠራ የሚቆይበት ነው። ባትሪው ምን ያህል ጉልበት እንደያዘ የሚነግራችሁ ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ የሚገኘው ዋት ሰዓት ነው። 18 ቮልትና 4 አምፔር ሰዓት ከሆነ 72 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ቤታችሁ የድሪል ባትሪ ካለ የዚያው ኩባንያ ፖል ሶው ይቀበለው እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተቀበለው ማሽኑን ያለ ባትሪ በርካሽ ትገዙታላችሁ።

አዲስ ማሽን ብዙውን ጊዜ ዘይት ሳይኖረው ነው የሚመጣው። ለሰንሰለቱ የተሠራውን፣ ዝልግልግ ያለውን የባርና የሰንሰለት ዘይት ግዙለት። ሰንሰለቱ ከባሩ ሥር ተንጠልጥሎ መታየት የለበትም፤ በጓንት ሲጎትቱት ደግሞ ሳይነክስ መዞር አለበት። ሰንሰለቱን ከመንካታችሁ በፊት ግን ባትሪው ይውጣ። ሥራውን በየቀኑ የምንሠራ ሰዎችም ይህን አንዘልለውም።

ዛፍ ቁስሉን የሚይዝበት መንገድ

ያደግሁት አጋሮ አካባቢ፣ ቡና ውስጥ ነው። አባቴ ያረጀ ቡና ሲጎነድል ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠው ነበር፤ ውሃ እንዳይቋጥርና ጉቶው እንዳይበሰብስ። ቡናውም ከጉቶው እንደ አዲስ ያቆጠቁጣል። ብዙዎቻችን ይህን አይተን ስላደግን ዛፍ ሁሉ አናቱ ቢቆረጥ የሚታደስ ይመስለናል። ሜፕልና ኦክ ግን አናታቸው ሲቀነጠስ ከቁስሉ ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ቀንበጦች ያወጣሉ፤ እነዚህ ከውስጠኛው እንጨት ጋር በደንብ ሳይያያዙ ስለሚወፍሩ ከዓመታት በኋላ በነፋስ ይገነጠላሉ።

ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያስረዳው አሜሪካዊው ሳይንቲስት አሌክስ ሻይጎ ነው። ከ1930 እስከ 2006 የኖረው ሻይጎ ለአሜሪካ የደን አገልግሎት በኒው ሃምፕሸር ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በቼይንሶ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ውስጣቸውን መርምሯል። ያገኘው ነገር የሙያውን አሠራር ለወጠው። የሰው ቆዳ ሲቆስል የተጎዳው ሥጋ በአዲስ ይተካል፤ ዛፍ ግን የተጎዳውን እንጨት አይተካም፤ ዙሪያውን አጥሮ መበስበሱ እንዳይስፋፋ ይከለክላል፤ ከላዩም አዲስ እንጨት ይደርብበታል። ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። ሻይጎ ይህን በዝርዝር ያስረዳበት ጽሑፍ በ1977 ታትሟል።

ለእኛ ለቆራጮቹ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚወጣበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከሥሩ በኩል ትንሽ እብጠት አለ፤ ባለሙያዎች ኮሌታ ይሉታል። ከላይ በኩል ደግሞ የቅርንጫፉና የግንዱ ቅርፊት የሚጋፋበት የተሸበሸበ መስመር አለ። ዛፉ አጥሩን የሚሠራው ኮሌታው ውስጥ ባለው እንጨት ነው። መጋዙ ከኮሌታው ወጣ ብሎ ማለፍ አለበት። ኮሌታው አብሮ ከተቆረጠ ዛፉ መከላከያውን ያጣል፤ ረጅም ቁራጭ ከተተወ ደግሞ ቁራጩ ሞቶ ለመበስበስ በር ይከፍታል።

አንድ ቅርንጫፍ፣ ሦስት ቁርጥ

የሰፈራችን እናት አንዷ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ አሸንዳቸው ላይ የተኛ የቀይ ሜፕል ቅርንጫፍ ነበራቸው። ውፍረቱ ክንድ ያህል ነው፤ ከመሬት ያለው ከፍታ ለፖል ሶው ይመቻል። ወሩ የካቲት ነበር፤ ቅጠል ስለሌለ ሁሉም ነገር ይታያል።

መጀመሪያ ዙሪያውን ዞርኩ። ሽቦ የለም። ከዚያ ቅርንጫፉ የሚያርፍበትን ቦታ ለይቼ ወንበሩንና የአበባ ማስቀመጫዎቹን አነሳሁ። የምሸሽበትንም መንገድ አጸዳሁ። ሄልሜት፣ መነጽርና ጓንት አደረግሁ። የቆምኩት ከቅርንጫፉ ሥር ሳይሆን ወደ ጎን ነው፤ ዘንጉም ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሳይሆን አጋድሎ ነው የተያዘው። የቆረጡት ነገር ዘንጉን ተከትሎ ሊንሸራተት ስለሚችል ዘንጉን አናት ላይ አቁሞ መቁረጥ ትልቅ አደጋ ነው።

የመጀመሪያው ቁርጥ ከሥር ነው። ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቄ፣ ከታች ወደ ላይ የውፍረቱን ሩብ ያህል ገባሁ። ከሥር ሲቆረጥ ሰንሰለቱ ማሽኑን ወደ ያዘው ሰው ይገፋዋል፤ ስለዚህ ዘንጉን በሁለት እጅ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። የባሩ ጫፍ ሌላ ቅርንጫፍ እንዳይነካ ማየትም ግድ ነው፤ ጫፉ ከነካ ማሽኑ በድንገት ይፈናጠራል። ሁለተኛው ቁርጥ ከላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ትንሽ ወደ ውጭ። ሰንሰለቱ ወርዶ ሲጋመስ ቅርንጫፉ ቀጭ አለ፤ እንጨቱ እስከ ታችኛው ቁርጥ ድረስ ብቻ ተሰንጥቆ ቅርንጫፉ ወረደ። ያ የታችኛው ቁርጥ ባይኖር ኖሮ ክብደቱ ቅርፊቱን ከግንዱ ላይ ልጦ ይዞት ይወርድ ነበር።

የቀረው አጭሩ ቁራጭ ነው። እማማ ከበረንዳው ሆነው ያያሉ።

«ልጄ፣ ከግንዱ ጋር እኩል አድርገህ አለስልሰው፤ እንዳያስቀይም» አሉኝ።

«እማማ፣ ይህቺን እብጠት ከነካኋት ዛፉ ራሱን የሚከላከልበትን ያጣል። ትንሽ ወጣ ብላ ትታይ፤ እያደር ራሱ ይሸፍናታል።»

«ቀለምስ አትቀባውም?»

«አያስፈልገውም። እርስዎ ብቻ እዚያው በረንዳው ላይ ይቆዩልኝ።»

ሦስተኛው ቁርጥ ከኮሌታው ወጣ ብሎ አለፈ። ሰጋቱራው ነጭ ነበር፤ እንጨቱ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ቀለምም ሆነ ሬንጅ ቁስል ላይ መቀባት መበስበስን እንደማያስቆም ሻይጎ ደጋግሞ አሳይቷል።

ማሽኑ የማይነካው

ከሁሉም በፊት የኤሌክትሪክ ሽቦ። አብዛኞቹ ዘንጎች ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው፤ ፋይበርግላስ የተባሉትም ቢሆኑ ባሩና ሰንሰለቱ ብረት ናቸው። እርጥብ ቅርንጫፍም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአሜሪካ በሙያው ያልሰለጠነ ሰው ከተለመደው የመንገድ ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ አንዳንድ የአምራች መመሪያዎች 15 ሜትር ይላሉ። የምትቆርጡት ቅርንጫፍ ሲወድቅ ሽቦውን የሚነካ ከሆነም ሥራው የእናንተ አይደለም፤ ወደ ኤሌክትሪክ ኩባንያችሁ ደውሉ።

ሁለተኛው ክብደት ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ የኦክ ቅርንጫፍ ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ የሚወፍረውን ለባለሙያ ተዉት፤ እኔም በሙያው እየሠራሁ በፖል ሶው አልሞክረውም። ሜሪላንድ ውስጥ በክፍያ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው የግዛቲቱ ፈቃድ ሊኖረው ወይም ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ሊሠራ ይገባል፤ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን አሳየኝ ማለት መብታችሁ ነው። ከመንገድ ዳር ያለ ዛፍም ከ1914 ጀምሮ በሜሪላንድ ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ቤታችሁ ፊት ቢቆምም ያለ ፈቃድ አይቆረጥም።

ሦስተኛው ብራድፎርድ ፒር የሚባለው ዛፍ ነው፤ በጸደይ መጀመሪያ ነጭ አበባ የሚለብሰው። መነሻው ቻይና ሲሆን የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ግሌን ዴል ካለው ጣቢያው በ1963 ለሕዝብ አሠራጨው። ቅርንጫፎቹ ከአንድ ቦታ በጠባብ ማዕዘን ስለሚወጡ መሐላቸው ቅርፊት ይታመቃል፤ ስለዚህ ሲያድግ በነፋስና በበረዶ ለሁለት ይሰነጠቃል። ኦሃዮ ከ2023 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። ትልቅ ብራድፎርድ መሐሉ ተሰንጥቆ ካያችሁ ፖል ሶው አታንሱ፤ የትኛው ክንፍ መቼ እንደሚወርድ ከመሬት አይታወቅም።

መቼና ምን ያህል

ለአብዛኛው ዛፍ የሚመቸው ጊዜ የክረምቱ ብርድ ማብቂያ፣ ቅጠል ከመውጣቱ በፊት ነው። ሜፕል በዚያ ወቅት ውሃ ያነባል፤ አይጎዳውም። ኦክን በጸደይና በበጋ መጀመሪያ አትቁረጡ፤ የኦክ አጠውላጊ በሽታን የሚያስተላልፉ ጥንዚዛዎች ትኩስ ቁስልን የሚሹት ያን ጊዜ ነው። እንደ ቼሪና ዶግዉድ ያሉት በጸደይ የሚያብቡ ዛፎች አበባቸው ካለፈ በኋላ ይቆረጡ። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ ካያችሁ ተዉት፤ በ1918 የወጣው የፌዴራል ሕግ አብዛኞቹን የዱር ወፎች ይጠብቃቸዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ከዛፉ ሕያው ቅጠል ከሩብ በላይ አታንሱ፤ ምግቡን የሚሠራው በዚያ ነው። የደረቀውን፣ የተሰበረውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን አስቀድሙ።

የመቁረጫው ጊዜ ብርድ ስለሆነ ባትሪውን ውሃ በረዶ በሚሆንበት ጋራዥ ውስጥ ቻርጅ አታድርጉት፤ ቤት አስገቡት።

ወደ አገር ቤት ለሚወስዱት

አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች ለአቮካዶውና ለግራቪሊያው ፖል ሶው ይዘው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ማሽኑ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ይጫናል፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ በመንገደኛ አውሮፕላን አይሄድም። አሜሪካ የተገዛ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ስለሆነ አገር ቤት 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከማሽኑ ጋር አንድ ትርፍ ሰንሰለት፣ ሞረድና የሰንሰለት ዘይት ያዙላቸው። ደነዝ ሰንሰለት ጉልበት ያስጨምራል፤ ጉልበት የሚጨምር ሰው ደግሞ ሚዛኑን ይስታል። በግቢያቸው አጥር ላይ የሚያልፉትን ሽቦዎችም ለይታችሁ አሳዩአቸው።

ከዚህ ሁሉ ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው ቅርንጫፉ አውራ ጣት ያህል ቀጭን ሳለ የሚቆርጠው ሰው ነው። ትንሽ ቁስልን ዛፉ ቶሎ ያጥራል፤ ቅርንጫፉም ሲወድቅ ማንንም አይጎዳም። እንግዲህ ቅጠሉ ሲረግፍ ጓሯችሁን ዙሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ጣሪያው ላይ የሚተኛውን ቅርንጫፍ ዛሬ ቀጭን ሆኖ ታገኙታላችሁ። በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፤ ኮሌታውን ፈልጉ፤ ከእሱ ወጣ አድርጋችሁ ቁረጡት።