ድምፁ የእነሱ፣ ሸክላው የማን?

እ.ኤ.አ. በ1985 በኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል፣ ሼሪል ጄምስና ሳንድራ ዴንተን የተባሉ ሁለት ወጣት ሴቶች ሲርስ በተሰኘው ትልቅ መደብር ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ሥራቸው የቤት ዕቃ ለገዙ ደንበኞች ስልክ እየደወሉ የጥገና ውል መሸጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ውል ሲያወሩ ይውሉ ነበር ማለት ነው፤ ይህን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።

ኸርቢ አዞር የተባለ የሥራ ባልደረባቸው ከሥራው ጎን ለጎን ይማር ስለነበር ለትምህርቱ የሚያቀርበው የሙዚቃ ቀረጻ አስፈለገው። ሁለቱን ሴቶች ጠየቃቸው፤ እነርሱም እሺ አሉት። ለሁለት ታዋቂ ወንድ ዘፋኞች መልስ ሆኖ የተዘጋጀው ይኸው የተማሪ ሥራ በሬዲዮ ተሰማ፤ ተወደደም።

ለማያውቁት እናቶች ለማስረዳት ያህል፣ ራፕ የሚባለው ግጥምን ሳያዜሙ በከበሮ ምት ላይ እያፈጠኑ መናገር ነው። ፉከራ ይበዛበታል። በዚያን ጊዜ ከሞላ ጎደል የወንዶች ሜዳ ነበር። ሁለቱ ሴቶች «ሶልት ኤንድ ፔፓ»፣ ማለትም ጨውና ቁንዶ በርበሬ ተብለው ወደዚህ ሜዳ ገቡ። በ1986 «ሆት፣ ኩል ኤንድ ቪሸስ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጣላቸው ኔክስት ፕላቶ የሚባል ራሱን የቻለ ትንሽ ኩባንያ ነበር።

በአልበሙ ውስጥ «ትራምፕ» የሚል ዘፈን አለ። ቃሉ በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ ሴትን ለማዋረድ የሚሰነዘር ስድብ ነው። እነርሱ ግን ስድቡን አዙረው ያገኛትን ሴት ሁሉ ለሚያባብለው ወንድ ሰጡት። ዘፈኖቻቸው ድፍረት ይበዛባቸዋል የሚሉ አሉ። ድፍረቱስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወንድ ሲፎክር ጀግና፣ ሴት ስትመልስ ባለጌ የሚያሰኘው ሚዛን ከየት እንደመጣ ለዚህ ዐምድ አዘጋጅ አይገባትም።

በ1987 የ«ትራምፕ» ሸክላ ጀርባ ላይ «ፑሽ ኢት» የሚል ሌላ ዘፈን ተጨመረ። ካሜሮን ፖል የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ሙዚቃ አጫዋች እንደገና ቢያቀናብረው ከፊተኛው በልጦ ተወደደ፤ በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃም 19ኛ ወጣ። ኋላ በአልበሙ ውስጥ ገባ። አልበሙ በ1988 ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ለተሸጠ ሥራ የሚሰጠውን የፕላቲኒየም ማዕረግ አገኘ። ይህን ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ሴት ራፐሮች እነርሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ ሚሊዮን ጊዜ የተሸጠው ድምፅ የማን ነው? ውሎቹ በ1986 ሲፈረሙ ሼሪል ገና 20 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያውን አልበም ያዘጋጀውም፣ አብዛኛውን ግጥም የጻፈውም አዞር ነበር። የቀረጻው መብት ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በመጨረሻ ዩኒቨርሳል የተባለው ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያ ዘንድ ደረሰ።

የአሜሪካ የ1976 የደራሲነት መብት ሕግ፣ መብቱን በውል ለሌላ ያስተላለፈ ደራሲ ከ35 ዓመት በኋላ አስቀድሞ አስታውቆ ሊያስመልስ ይችላል ይላል። ሁለቱ ሴቶች በ2022 ይህንኑ አስታወቁ። በሜይ ወር 2025 ደግሞ ዩኒቨርሳልን በኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሥራችንን መልሱ ብንል ኩባንያው ዘፈኖቻችንን በአሜሪካ ከገበያ አነሳብን ሲሉም አመለከቱ።

የኩባንያው መከራከሪያ ቅጂዎቹ የቅጥር ሥራ ናቸው የሚል ነበር። ሕጉ የቅጥር ሥራን አይመልስም። በልብስ ፋብሪካ የምትሠራ እህታችን የሰፋችው ቀሚስ የፋብሪካው ነው፤ ማታ በቤቷ በራሷ ክርና መርፌ የሰፋችው ግን የራሷ ነው። በሰው ስቱዲዮ፣ በሰው ገንዘብ፣ ነገር ግን በራሷ ጉሮሮ የተቀረጸ ድምፅ ከሁለቱ የትኛው ነው? ክርክሩ እዚህ ላይ ነበር።

ሼሪል ግን ፍርድ ቤት ከመሄዷ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ እርምጃ ወስዳ ነበር። በ1990 በወጣው «ብላክስ ማጂክ» በተባለው ሦስተኛ አልበማቸው ውስጥ «ኤክስፕሬሽን» የሚለውን ዘፈን ግጥሙንም ጽፋ፣ ዝግጅቱንም ራሷ ሠርታ አወጣችው።