«ማጥለያ» ወይስ «መራጭ ገለፈት»?

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር በእብነ በረድ የታወቀ ነው። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት የተባለው ውሁድ ነው፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም በዋናነት ከዚሁ ውሁድ የተገኘ ነው። ይኸው ቅርፊት ለፋብሪካም ጠላት ነው። የመሣሪያዎችን ሙቀት የሚያበርደው ውኃ በማቀዝቀዣው ማማ ሲያልፍ ከፊሉ ይተናል፤ በውስጡ የሟሟው ማዕድን ግን አይተንም። ውኃው በተደጋጋሚ በዞረ ቁጥር ማዕድኑ እየበዛ ሄዶ በቧንቧው ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ማዕድን የበዛበት ውኃ እየተቀነሰ ይወገዳል፤ በአዲስ ውኃም ይተካል።

የሚወገደውን ውኃ አጣርቶ መልሶ ለሥራ ለማዋል ከሚያገለግሉት ስልቶች አንዱ ሜምብሬን ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ በዚህ ስልት ጭምር አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ የተሠራ ነው።

ታዲያ ሜምብሬንን በአማርኛ ምን እንበለው? አስቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ማጥለያ» ነው። ነገር ግን ጠላ ሲጠለል የሚቀረው አተላው ነው፤ የሟሟ ነገር ሁሉ ከጠላው ጋር አብሮ ያልፋል። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያላቸው የሜምብሬን ዓይነቶች ደለልንና ተሐዋስያንን ብቻ ስለሚያስቀሩ ከማጥለያ ብዙም አይርቁም። በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው ዓይነት ግን ውኃውን አሳልፎ የሟሟውን ጨው አብዛኛውን ያስቀራል።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ማጥለያ ሲቆሽሽ ይፈተጋል። ከፖሊአማይድ የተሠራ ሜምብሬን ግን ቢፈተግ ይጎዳል፤ ክሎሪን ሲደጋገምበትም ይበላሽና ጨው ማሳለፍ ይጀምራል። ስያሜው ያሳሳተው ሠራተኛ ውድ ዕቃ ሊያጠፋ ይችላል።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ ከነዋሪው ብዙው አፉን የፈታው በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በኦሮምኛ፣ በሺናሻ ወይም በሌላ ቋንቋ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ሆኖ በአሶሳ ሙያ ለሚማር ወጣት ቃሉ ራሱ ሥራውን ሊነግረው ይገባል። ስለዚህ «መራጭ ገለፈት» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ገለፈት» ተልጦ የሚጣለውን ነገር ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ «መራጭ» የሚለው ቅጽል ግን ይህን ያርመዋል። ፍቺውም እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው፦

መራጭ ገለፈት (ስም)፦ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱን አሳልፎ ሌላውን የሚያስቀር ስስ ሽፋን፤ ሜምብሬን።