ከጨዋታ ወደ ውድድር፦ ለጀማሪ የቼዝ ተወዳዳሪ የቀረበ ገለጻ



በመኖሪያ ክፍላቸውም ሆነ በስልካቸው ቼዝ በየዕለቱ የሚጫወቱ ብዙ ተማሪዎች አውቃለሁ። ከእነዚህ መካከል አንድ ጊዜ እንኳ በውድድር የተሳተፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ገና አልደረስኩም» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ተሳትፈው ዳግመኛ ያልተመለሱትም የሚሰጡኝ መልስ ከዚህ ብዙም አይለይም። እኔ እንደምረዳው ጀማሪን ከውድድር የሚያርቀው አብዛኛውን ጊዜ የችሎታ ማነስ ሳይሆን ውድድሩ እንዴት እንደሚሠራ አለማወቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል አብራራለሁ፤ እነርሱም የድልድሉ ሥርዓት፣ የሰሌዳው ሕግና የደረጃ ነጥብ አሠራር ናቸው። በመጨረሻም ስለ ዝግጅት ጥቂት እላለሁ።

አስቀድመን ግን ጨዋታና ውድድር የተለያዩ መሆናቸውን እናስተውል። በአገራችን ጥንታዊ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል የመክፈቻ ምዕራፍ ነበረ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን እንደ ፈቀዱ ያሰልፉ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ይህን አሠራር በዝርዝር አስፍረውታል። ሰንጠረዥ ከሁሉ በፊት የማኅበራዊ ኑሮ አካል ነበር፤ ዙሪያውን የከበበው ተመልካችም ሐሳቡን ይሰነዝር ነበር። የዛሬው የቼዝ ውድድር ግን በተራ፣ በሰዓትና በዝምታ ላይ የቆመ ነው። በጨዋታው ላይ አስተያየት የሚሰጥ ተመልካች ከአዳራሹ ሊወጣ ይችላል። ጀማሪው መጀመሪያ ሊለምደው የሚገባው ይህን ለብቻ የመወሰን ሁኔታ ነው።

ወደ ድልድሉ ልለፍ። 40 ተወዳዳሪዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢጋጠሙ እያንዳንዱ 39 ጨዋታ ማድረግ ይኖርበታል፤ ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ አይቻልም። የተሸነፈ ሁሉ ይሰናበት ቢባል ደግሞ ግማሾቹ ከአንድ ዙር በኋላ ይቀራሉ። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1895 በዙሪክ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው የስዊዝ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ማንም አይሰናበትም። በየዙሩ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው እርስ በርስ ይጋጠማሉ፤ አንድ ጊዜ የተገናኙ ሁለት ተጫዋቾችም በዚያው ውድድር ዳግም አይገናኙም። ማሸነፍ 1 ነጥብ፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ያስገኛል።

እዚህ ላይ ለጀማሪው እጅግ አስፈላጊ የሆነ ነጥብ አለ። በመጀመሪያው ዙር ተወዳዳሪዎች በደረጃ ተሰልፈው ዝርዝሩ ለሁለት ይከፈላል፤ የላይኛው አጋማሽም ከታችኛው ጋር ይደለደላል። ከ40 ሰዎች 1ኛው ከ21ኛው፣ 15ኛው ከ35ኛው ጋር ይቀመጣሉ ማለት ነው። ስለዚህ በታችኛው አጋማሽ ያለ ጀማሪ የመጀመሪያ ተጋጣሚው ከእርሱ በብዙ የሚበልጥ ሰው ነው። ቢሸነፍ፣ ሥርዓቱ የጠበቀው ነገር ተፈጸመ እንጂ ችሎታው አልተፈረደበትም። በሁለተኛው ዙር እንደ እርሱ ከተሸነፉት አንዱን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ እያሸነፈና እየተሸነፈ በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር ከአቻዎቹ ጋር መቀመጥ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ተስፋ ቆርጦ የሚወጣ ተማሪ ውድድሩ ለእርሱ የሚመጥነውን ተጋጣሚ ሊያቀርብለት ሲል ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕጉ ነው። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ የተመሠረተ ሲሆን የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው እርሱ ነው። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው የነኩትን ጠጠር የማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ለማንቀሳቀስ አስበው የነኩትን የራስ ጠጠር በሕጉ መሠረት መሄድ እስከ ቻለ ድረስ ማንቀሳቀስ፣ የተጋጣሚንም ከነኩ መብላት ይገባል። ጠጠር ለማስተካከል የፈለገ ሰው በራሱ ተራ፣ ከመንካቱ በፊት፣ «አስተካክላለሁ» ማለት አለበት። ካስትሊንግ የሚያደርግም በአንድ እጅ፣ ንጉሡን አስቀድሞ ያንቀሳቅስ። ሰዓቱ የሚጫነው ጠጠሩን ባንቀሳቀሰው እጅ ነው። በረጅሙ ጨዋታ ሕገ ወጥ እርምጃ ሄዶ ሰዓቱን የተጫነ ተጫዋች በመጀመሪያው ጊዜ ለተጋጣሚው 2 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ከደገመው ይሸነፋል። አቻ የሚጠየቀውም በሥርዓት ነው፤ መጀመሪያ እርምጃውን መሄድ፣ ቀጥሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ሰዓቱን መጫን። ስልክን በተመለከተ ጥብቅ ሕግ አለ፤ ዳኛው በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር በውድድሩ ስፍራ ስልክ በኪሱ የተገኘበት ተጫዋች ጨዋታውን ያጣል።

በረጅሙ ጨዋታ እርምጃዎችን መመዝገብ ግዴታ ነው። ዓምዶቹ ከ«ኤ» እስከ «ኤች» በፊደል፣ ረድፎቹ ከ1 እስከ 8 በቁጥር ይጠራሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ስም አለው። ይህን በስልክ ብቻ የተጫወተ ሰው አልለመደውምና ከውድድሩ በፊት በቤቱ በእውነተኛ ሰሌዳ ላይ ይለማመድ። ክርክር በተነሣ ጊዜም ከተጋጣሚ ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ሰዓቱን አቁሞ ዳኛ መጥራት የማንኛውም ተጫዋች መብት ነው።

ሦስተኛው የደረጃ ነጥብ ነው። ሥርዓቱን የቀመሩት በሃንጋሪ ተወልደው በአሜሪካ፣ በሚልዋኪ ከተማ በሚገኘው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማሩት አርፓድ ኢሎ ናቸው፤ ፊዴም እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው። በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት የሚጠበቀውን ውጤት ይተነብያል። ልዩነቱ 200 ከሆነ ብርቱው ከ10 ጨዋታ 7.6 ነጥብ ያህል፣ ልዩነቱ 400 ከሆነ ደግሞ 9 ነጥብ ያህል እንዲያገኝ ይጠበቃል። ከዚህ ግምት በላይ ያስመዘገበ ይጨመርለታል፤ በታች ያስመዘገበ ይቀነስበታል።

በፊዴ አሠራር አዲስ ተጫዋች 30 ጨዋታ እስኪሞላ ድረስ የለውጡ ማባዣ 40 ነው። 1500 ነጥብ ያለው ጀማሪ 1900 ካለው ጋር ተጫውቶ ቢሸነፍ የሚያጣው ከ4 ነጥብ ያነሰ ነው፤ ቢያሸንፍ ግን ከ36 በላይ ያገኛል። ስለዚህ ከብርቱ ተጋጣሚ ጋር መቀመጥ ለጀማሪው የሚያስፈራ ኪሳራ የለውም። የመጀመሪያውን ይፋዊ ደረጃ ለማግኘት ደረጃ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ ማድረግ ያስፈልጋል። ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዝርዝሩ የሚመዘገበው ዝቅተኛ ደረጃ 1400 ነው። ይህን ሳያገኝ የቆየ ሰው ቢኖር ገና በመማር ላይ ነውና ሊያፍር አይገባውም።

ስለ ዝግጅት በአጭሩ ልናገር። በጀማሪዎች ጨዋታ ውጤቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ያለ ጥበቃ የተተወ ጠጠር ወይም ያልታየ የሁለት ሦስት እርምጃ ጥቃት ነው። ስለዚህ ረጃጅም የመክፈቻ መንገዶችን ከመሸምደድ ይልቅ በየቀኑ ጥቂት የስልት ጥያቄዎችን መፍታት ይበልጣል። በንግሥትና በንጉሥ፣ በሰረገላና በንጉሥ ማት ማድረግን፣ እንዲሁም በአንድ ወታደር የሚጠናቀቅን ጨዋታ ጠንቅቆ ማወቅም ያሻል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 90 ደቂቃ ተሰጥቶ በየእርምጃው 30 ሴኮንድ የሚጨመርበት ጨዋታ 60 እርምጃ ከደረሰ 4 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። እንቅልፍና ምግብም እንግዲህ የዝግጅቱ አካል ናቸው።

ከሁሉም በላይ የምመክረው ከጨዋታው በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ተጋጣሚያችሁ ፈቃደኛ ከሆነ አብራችሁ መርምሩት፤ ምን አስቦ እንደ ነበር ጠይቁት። በእጃችሁ የጻፋችሁት መዝገብ የት ላይ በትክክል እንዳሰባችሁ፣ የት ላይም እንደ ቸኮላችሁ ያሳያችኋል። በቼዝ ዳይስ አይጣልም፤ ካርታም አይታደልም። በመሆኑም ሽንፈቱን ወደ ሌላ ለማሳበብ አይመችም። የራስን ሐሳብ በዚህ ዓይነት በጽሑፍ ይዞ፣ ከተሟገተን ሰው ጋር ተቀምጦ መፈተሽ ለማንኛውም የምርምር ሙያ የሚበጅ ልማድ ነው። ይህን የሚያስገኘው በውድድሩ መሳተፍ ነው፤ ለዚያም ዋንጫ መውሰድ ግድ አይደለም። እንግዲህ «ገና አልደረስኩም» የምትሉ ተማሪዎች በሚቀጥለው ውድድር ስማችሁን እንድታስመዘግቡ እጋብዛለሁ።