ጎማው ሲተነፍስ

አምና የመስቀል ዋዜማ ከአዲስ አበባ የወጣነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነበር። ዕቅዱ የእኔ ነው። ቁርስ ቡታጅራ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ሆሳዕና፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አጣጥቦ ማልበስ፣ ማታ ደግሞ የባለቤቴ እናት ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ አታካና መብላት። መንገዱ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳስበው ምንም የሚያስቸግር ነገር አልታየኝም።

ዓለም ገናን ለማለፍ ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። በመስቀል ሰሞን ወደ ጉራጌ፣ ወደ ሀዲያና ወደ ከምባታ የሚሄደው ሰው ሁሉ በዚያች አንድ መንገድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ቡታጅራን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጎማ ተነፈሰ። ባለቤቴ ክሪኩን አወጣ፣ መኪናውን አነሳ፣ ስኮርታውን አወረደ። ስኮርታውም አየር የለውም። በዚህ መሃል ዝናቡ ጀመረ። ባለቤቴ የተነፈሰውን ጎማ በባጃጅ ጭኖ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ የመጀመሪያው ጎሚስታ ለበዓል ዘግቷል፣ ሁለተኛው ጋ ደግሞ ወረፋ ነበር። እኛ መኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት በላይ ጠበቅን።

ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንዲት እናት ወጥተው በእጃቸው ጠሩን። እሳት አንድደው በቆሎ እሸት እየጠበሱ ነበር። የስድስት ዓመቱ ልጄ እየሮጠ ሄደ። እኔ ግን «አመሰግናለሁ፣ ደህና ነን» ብዬ መኪና ውስጥ ቀረሁ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄም ከእኔ ጋር ቀረች። ትንሽ ቆይታ፣ «እማዬ፣ አታካናው ያልቅብናል?» አለችኝ። እኔም፣ «ዝም በይ! ቀኑ አንዴ ተበላሽቷል!» ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ በኋላ ሆሳዕና እስክንገባ ድምጿን አልሰማሁም።

ስንደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል። መብራት ጠፍቷል። ሻንጣውን ስከፍት የልጅቷ የበዓል ቀሚስ የለም፤ ተተኩሶ አዲስ አበባ አልጋዬ ላይ ቀርቷል። አማቴ ግን በሻማ ብርሃን በር ላይ ቆመው ነበር። የጎማውን፣ የመንገዱን፣ የቀሚሱን ነገር በአንድ ትንፋሽ ስዘረዝርላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «መጣችሁ አይደል?» አሉኝ። ከዚያ ልጆቹን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። አታካናው አላለቀም ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ትምህርት ቤት ከተመለሱ በኋላ የልጅቷ ክፍል ተማሪዎች የመስቀል በዓላቸውን እንዲሥሉ ታዘዙ። የእሷ ሥዕል ላይ አንድ መኪና፣ ብዙ ዝናብና አፏን የከፈተች አንዲት ሴት አሉ። አያቷ የሉም። ደመራ የለም። አታካና የለም። ትንሹ ወንድሟ ደግሞ ዛሬም ድረስ ስለ መስቀል ሲጠየቅ የሚያወራው ስለዚያ በቆሎ ነው። መንገዱም፣ ዝናቡም፣ ጎማውም ያው ነበር።

ትንሽ ነገር ቀን የሚያበላሸው ለምንድን ነው?

ሥዕሉን ካየሁ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ላዛረስ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። 100 ጎልማሶችን ለወራት እየተከታተሉ፣ 117 ዓይነት ጥቃቅን የዕለት ተዕለት ችግሮችን የያዘ ዝርዝር እያቀረቡ ጠየቋቸው። ዕቃ መጥፋት፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ የቤት ወጪና የመሳሰሉት ናቸው። ከዚያም እንደ ሐዘንና ፍቺ ካሉት ትልልቅ የሕይወት ክስተቶች ጋር አነጻጸሩት። የሰዎቹን የመንፈስ መረበሽ ይበልጥ የተነበየው ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ነገር ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩም። ቆይቼ ሳስበው ግን ለትልቁ መከራ እኛ አገር ሥርዓት አለው። ለቅሶ ሲሆን እድር አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ድንኳን ይተከላል። ለተነፈሰ ጎማ ግን ድንኳን የሚተክል የለም። እያንዳንዳችን ብቻችንን፣ ጥርሳችንን ነክሰን ነው የምንወጣው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚነከሰው አጠገባችን ያለው ልጅ ነው።

ላዛረስ በሥራው ሁሉ አጥብቆ ያነሳው ሌላም ነገር አለ። ሰውን የሚያስጨንቀው የሆነው ነገር ብቻ ሳይሆን ለሆነው ነገር የምንሰጠው ግምት ነው። ጎማው የወሰደብኝ ጥቂት ሰዓታትን ነው። «ቀኑ ተበላሽቷል» ያልኩት እኔ ነኝ። ሆሳዕና በሻማ ብርሃን አታካና የሚበላበት ሙሉ ምሽት ገና ከፊቴ ነበር።

ሌላው ጥናት ያስቀኛል፣ ምክንያቱም ስለ እኔ የተጻፈ ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቢውለር እና ባልደረቦቹ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን አሉ። ሁሉም ነገር እንደ ክፉ ቢሆንስ ሲባሉ ደግሞ 49 ቀን ገደማ አሉ። የጨረሱት በ55 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ክፉውን አስበው የገመቱት እንኳ አልበቃቸውም። እኔ ደግሞ በመስቀል ዋዜማ፣ በክረምት መውጫ፣ በዚያ መንገድ፣ 5 ሰዓት ላይ ሆሳዕና እደርሳለሁ ብዬ ነበር።

የአማቴ ጓሮ

ዘንድሮ ቀደም ብለን ነው የሄድነው። በዓሉ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ደረስን፤ ጊዜ ስለነበረኝ አማቴ እንዴት እንደሚዘጋጁ አየሁ። ሀዲያዎች መስቀልን ያሆዴ ይሉታል፣ ከምባታዎች ደግሞ መሳላ። በሁለቱም ዘንድ ከዓመቱ በዓላት ሁሉ ትልቁ ነው፤ ሩቅ ያለ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለ በዓል የሚደግስ ሰው ከእኔ ይበልጥ መጨነቅ ያለበት ይመስለኝ ነበር።

አማቴ ግን አይጣደፉም። ቅቤው ከወራት በፊት መጠራቀም ጀምሯል። ከጎረቤት ሴቶች ጋር የቅቤ እቁብ አላቸው፤ በየተራ ይሰበስቡና ለመስቀል ይደርሳል። ወንዶቹም ለቅርጫው በሬ ገንዘብ ሲያዋጡ ነው የከረሙት። ቆጮው ከተቀበረ ቆይቷል። ቡላው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ጓሮው ውስጥ ያለው እንሰት ደግሞ ሁሉም እኩል አይደለም፤ አንዱ ገና ችግኝ ነው፣ አንዱ የሁለት ዓመት ነው፣ አንዱ ለመፋቅ ደርሷል።

የእንሰት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጤፍና ስንዴ የመኸር ወር አላቸው፤ ያ ወር ከተበላሸ ዓመቱ ተበላሸ። እንሰት ግን ለመድረስ ዓመታት ቢወስድም ከደረሰ በኋላ «ዛሬ ካልተነሳሁ» አይልም። ሲያስፈልግ ይፋቃል፤ ካላስፈለገ ቆሞ ይጠብቃል። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቆያል። በአገራችን 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው፤ በድርቅ ዘመን እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ረሃብን በተሻለ መቋቋማቸውም በብዙ ተመራማሪዎች የተጻፈ ነው።

አማቴን «አምና ስንዘገይ አልተናደዱም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ገረማቸው። «ቡላው እዚህ፣ ቅቤው እዚህ። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ምን ያናድደኛል? መንገዱን ፈርቼ ነበር እንጂ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የእሳቸውን እርጋታ እኔ ሁልጊዜ ከጠባያቸው እቆጥረው ነበር። ጠባይም አለበት። ግን አብዛኛው የዝግጅት ውጤት ነው። ሁሉንም ነገር በአንዲት ቀን፣ በአንዲት ሰዓት ላይ አላሰቀሉትም። እኔ ቀኑን እንደ ዶሚኖ ነው የደረደርኩት፤ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል። ሌላው ልዩነት ደግሞ በዓሉ ለእሳቸው ምን እንደሆነ ማወቃቸው ነው፤ ልጆቹ ቤት መግባታቸው ነው። ቀሚስ፣ መብራት፣ ሰዓት፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ልጆቻችን ስለ አበበ ቢቂላ ሲማሩ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ይነገራቸዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር፤ ሮም ላይ የሚመች ጫማ አላገኘም። ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ቀድሞም በባዶ እግሩ ይለማመድ እንደነበር ነው። ጫማው ባይመችም መላው እግሩ ውስጥ ነበር።

የማን ትዕግሥት?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ራሴን እታዘባለሁ። «እንደ አመጣጡ መቀበል ነው» የሚለው ምክር ብዙ ቤት ውስጥ ወደ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያዘነብለው። ምግቡን የምታስበው፣ ልብሱን የምታጥፈው፣ ሲጎድል ደግሞ ፈገግ ብላ እንድትሸፍን የሚጠበቀው እናት ናት። እኔ አምና የጮኽኩት ጎማው ስለተነፈሰ ብቻ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሻንጣ ያዘጋጀሁት እኔ፣ ቀሚሱን የተኮስኩት እኔ፣ የሁሉንም ሰዓት ጭንቅላቴ ውስጥ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስኮርታውን ግን ከጉዞ በፊት ያየው ሰው አልነበረም። ሸክሙ ሳይከፈል ትዕግሥት ብቻ ሲጠየቅ ቁጣው አይቀርም፤ ቢቀርም ለሌላ ቀን ይቀመጣል።

ስለዚህ ዘንድሮ ተካፈልን። መኪናው፣ ስኮርታውና የልጆቹ ልብስ የባለቤቴ ሆኑ። (አንድ ካልሲ ጠፋ። ዝም አልኩ።) ልጆቹ ደግሞ የየራሳቸውን ትንሽ ቦርሳ አሰናዱ። ከመነሳታችን በፊት ማታ አራታችንም ተቀምጠን ሁለት ሦስት «ቢሆንስ» ተነጋገርን። ይሄ ከጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ሥራዎች የተዋስኩት ነው። «አልናደድም» ብሎ መወሰን ብዙም አይጠቅምም፤ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ማሰር ግን እንደሚረዳ በተደጋጋሚ ታይቷል። የእኛዎቹ ቀላል ነበሩ። መንገድ ላይ ከቆምን፣ ሁላችንም ከመኪና እንወርዳለን። ሰው ከጠራን እንሄዳለን። እማዬ ድምጿ ከፍ ካለ፣ ማንም ሰው «በቆሎ» ማለት ይችላል። የመጨረሻውን ያመጣችው ልጄ ናት። ሳልስቅ አላለፍኩም፣ ግን ደግሞ ጉሮሮዬ ተያዘ። ዓመት ሙሉ አልረሳችውም ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚሠራው ለትንሽ ነገር መሆኑንም ልብ ይሏል። የታመመ ልጅ፣ የተቋረጠ ደመወዝ፣ ቤት ውስጥ ያለ ዱላ የተነፈሰ ጎማ አይደሉም። እነሱን «እንደ አመጣጡ» የሚል ሰው ቢመክርዎ አይስሙት።

ሀምበሪቾ በጭጋግ

ከበዓሉ በኋላ ወደ ዱራሜ ወርደን ሀምበሪቾ ተራራን ልንወጣ ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ እስከ አናቱ 777 ደረጃ ተሠርቶለት «ሀምበሪቾ 777» እየተባለ ይጠራል። ልጆቹ ሲጠብቁት የከረሙት እሱን ነው። ከላይ ሆነው የከምባታን አገር ቁልቁል እንደሚያዩ ለጓደኞቻቸው ሁሉ ተናግረዋል።

ስንደርስ ተራራው የለም። ጭጋግ ውጦታል። ከአሥር ደረጃ በላይ አይታይም፤ ዝናቡም ያካፋል። ባለቤቴ እኔን አየኝ። ልጄም አየችኝ። ሆዴ ውስጥ ያ የማውቀው ነገር ሲነሳ ተሰማኝ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን፣ ይህን ሁሉ ቀን ጠብቀን።

«በቆሎ» አለች ልጄ፣ በጣም ቀስ ብላ።

አፌን እንኳ አልከፈትኩም ነበር። ፊቴን አይታ ነው። ሳቄ መጣና፣ «እሺ፣ ምን እናድርግ?» አልኳት። መልስ እንኳ አልነበረኝም። ትንሹ ነው መላ ያመጣው፤ «ካልታየ እንቁጠረው» አለ። እናም እየቆጠርን መውጣት ጀመርን፤ እሱ ከአባቱ ጋር፣ እሷ ከእኔ ጋር፣ እየተንሸራተትን፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመን ቆሎ እየቆረጠምን። አናቱ ላይ ስንደርስ የታየን ነገር ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። እሱ 769 አለ። እሷ 781። 777 መሆኑን ብነግራቸው ሁለቱም አላመኑኝም፤ ዱራሜ ገብተን ሻይ እስኪቀርብልን ድረስ ማን እንደተሳሳተ ሲከራከሩ ነበር።