በኮረብታ ሆድ ውስጥ ስለ ቀረው ጠንቋይና ስለ ሳመንዮ ልማድ

በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ አካባቢ፥ እንዲሁም ከወሰን ማዶ የሚኖረው የሶማሌ ሕዝብ ትውልዱን የሚቈጥረው በአባት ነው። «መግ» የሚባለውን የደም ካሣም የሚከፍለውና የሚቀበለው የአንድ አባት ዘር በኅብረት ነው፤ በልማድ የታወቀው መጠን ለወንድ 100 ግመል፥ ለሴት 50 ግመል ነው። ከዚህ ሕግ ጋራ የተያያዘ አንድ የተቀደሰ ስፍራ አለ።

ከሐርጌሳ በስተሰሜን ምሥራቅ በዶጎር የአው በርኸድሌ መቃብር ይገኛል። «አው» በሐረርም እንደሚታወቀው የቅዱሳን ማዕረግ ነው፤ የይፋት ወላስማ ነገሥታት የትውልድ ሐረግም የበርኸድሌን ስም ከአያቶች ጋራ ይቈጥራል። እንደሚተረከው፥ ሼኩ እስልምናን ሊያስተምሩ ሲመጡ ቡኡር በዓይር የተባለ ጠንቋይ ሕዝቡን በአስማት አስፈራርቶ ይገዛ ነበር። ኀይሉንም ለማሳየት ኮረብታውን ሰንጥቆ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ሁለተኛም እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ሼኩ ወደ አላህ ጸለዩ፤ ኮረብታው ተዘጋ፤ ጠንቋዩም በውስጡ ቀረ።

የሟቹ ዘመዶች የደም ካሣ ጠየቁ። ሼኩም ወንድ ልጅ በተወለደና ጋብቻ በተፈጸመ ቍጥር ለዘራቸው ስጦታ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ይህ ስጦታ «ሳመንዮ» ይባላል። ተቀባዮቹ በሶማሌዎች መካከል ተበትነው የሚኖሩት ይቢሮች ናቸው፤ በምላሹ ክታብና ምርቃት ይሰጣሉ። የከለከለ ሰው እርግማን ይደርስበታል ተብሎ ይፈራል። ስለ ይቢሮች ልዩ አነጋገር ኪርክ በ1905 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሶማሊኛ ሰዋስው ጽፏል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፥ ተራው ካሣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ጠብን ሲዘጋ፥ ሳመንዮ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይታደሳል። ባለዕዳውም አንድ ጎሳ ሳይሆን ሕዝቡ ሁሉ ነው። ስለዚህ የጦርም ሆነ የከብት ኀይል የሌለው ወገን በየቤቱ ደጅ የሚጠይቀው መብት አገኘ። ሁለተኛ፥ ያው ትረካ ይቢሮችን የተሸነፈ ጠንቋይ ልጆች አድርጎ ይለያቸዋል፤ ሌሎች ጎሳዎች በልማድ ከእነርሱ ጋራ አይጋቡም። መብቱና ንቀቱ ከአንድ ኮረብታ የወጡ ናቸው።

በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ለንጽጽር ይረዳናል። በዚያ ዋሻው የሼኩ መጠለያ ነበር ተብሎ ይከበራል፤ ሕዝብም ለዝያራ ይሰበሰብበታል። በዶጎር ግን ቅዱሱ በውጭ ባለው መቃብራቸው ሲዘየሩ፥ በዐለቱ ውስጥ ያለው የተረታው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎችን ሁሉ በሕግ ፊት እኩል አድርጓል። ሆኖም የጋብቻ ልማድ በዐዋጅ ብቻ አይለወጥም። ይህን ትረካ የሚያጠና ተማሪ እንግዲህ የሼኩን ተአምር ብቻ ሳይሆን፥ ጠንቋዩ ከሞተ በኋላ ልጆቹ የተሸከሙትን ስም ጭምር ሊመረምር ይገባዋል።