የቸርችል ዳገትና የርእሰ መምህሩ ግንባር

ከለገሃር ተነሥቶ ቸርችል ጎዳናን በእግሩ ሽቅብ የወጣ ተማሪ፣ ሊሴ ገብረ ማርያምን አልፎ ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ሲደርስ ዳገቱን በጉልበቱ ያውቀዋል። የዳገቱ ማዕዘን ለደስተኛውም ለኀዘንተኛውም አንድ ነው። የዓይን ግምትስ? እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሞን ሽናልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከወዳጁ ጋር የቆመ ሰው ብቻውን ከቆመው ይልቅ ዳገቱን ዝቅ ያለ አድርጎ ገምቷል። (ተሳታፊዎቹ የሙከራውን ዓላማ ደርሰውበት ይሆናል የሚሉ ተቺዎች ስላሉ፣ እኔ ይህን እንደ ኒውተን ሕግ አልቆጥረውም።)

ለትምህርት ቤት አመራር ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2005 ቶማስ ሳይና ሁለት ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሙከራ ነው። የ56 አነስተኛ ቡድኖች መሪዎች፣ መሪዎቹ ብቻ፣ ከፊሎቹ የሚያስቅ፣ ከፊሎቹ የሚያስከፋ ፊልም አዩ። ከዚያም አባላቱ ዓይናቸውን ተሸፍነው ድንኳን መትከል ነበረባቸው። የመሪው ስሜት ወደ አባላቱ ተጋባ። ደስተኛ መሪ ያላቸው በተሻለ ቅንጅት ሠሩ፤ የተከፋ መሪ ያላቸው ግን የበለጠ ጥረት አፈሰሱ። የፊዚክስ ተማሪ እንደሚያውቀው፣ ኃይሎች ቢበዙም አቅጣጫቸው ካልገጠመ የቬክተሮቹ ድምር ትንሽ ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ግንባሩን ቋጥሮ የሚቆም ርእሰ መምህር መምህራኑን ያተጋ ይመስለው ይሆናል፤ ምናልባትም ያተጋቸዋል። የቀረውን መምህር ክፍለ ጊዜ መሸፈን፣ የፈተና መርሐ ግብር ማስማማት ግን ቅንጅትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። እርግጥ ፈገግታ የመምህርን የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ የርእሰ መምህሩም ደስታ ከሥራ ጫናው ተነጥሎ አይታይም።

መሞከር የሚሻ አንባቢ ከፕሮትራክተር፣ ከክርና ከጠጠር የዳገት መለኪያ ይሥራ። ጓደኞቹን ግማሹን ለየብቻ፣ ግማሹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ቸርችል ጎዳና ግርጌ ያቁምና ማዕዘኑን ያስገምት። ዓላማውን ግን አስቀድሞ አይንገራቸው።