የእህል ጫኝ ተሽከርካሪዎች መሪ መላላት፤ አመረማመሩና ጥገናው

የእርዳታ እህል ከወደብ ተነሥቶ ድርቅ ወደ ጎዳቸው ወገኖች የሚደርሰው በአብዛኛው በጭነት መኪና መሆኑ የታወቀ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከአሰብ ተነሥተው በሚሌና በባቲ አድርገው ወደ ኮምቦልቻ ይወጡ የነበሩ መኪናዎች ዋናውን ጎዳና ለቀው ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ሲገነጠሉ የሚጠብቃቸው ኮረኮንችና የወንዝ አሸዋ ነበር፤ ሠፋሪዎችን ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳና ወደ ጋምቤላ ያጓጓዙትም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኙም። ዛሬ እህሉ በአብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ በኩል ቢሆንም የገጠሩ መንገድ በተሽከርካሪ ላይ የሚያደርሰው ድብደባ አልቀረም። በዚህ ድብደባ ከሚጎዱት ክፍሎች መካከል፣ እንደ ፍሬን ሁሉ የሰው ሕይወት በቀጥታ የተንጠለጠለበት መሪው ነው።

መሪ ላላ የሚባለው ጎማዎቹ ሳይታዘዙ መሪው በባዶ የሚዞርበት መጠን ከተፈቀደው በላይ ሲሆን ነው። ጥቂት ክፍተት በማንኛውም መኪና ላይ ይኖራል። በብዙ ቀላል ተሽከርካሪዎች በመሪው ጠርዝ ላይ ሲለካ እስከ 30 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል፤ ለከባድ መኪና ግን የየራሱን መመሪያ መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ነጂው ይህን ባዶ ዙር ለመሙላት ግማሽ ሴኮንድ ቢያጠፋ መኪናው 8 ሜትር ያህል በራሱ ፈቃድ ተጓዘ ማለት ነው። በገደል አፋፍ ለሚያልፍ መንገድ ይህ ብዙ ነው።

አስቸጋሪው ነገር መሪ በአንድ ቀን የማይላላ መሆኑ ነው። ጥቂት በጥቂት ስለሚላላ የነጂው እጅ ከጉድለቱ ጋር ይለማመዳል። በመሆኑም «መሪው ደኅና ነው» የሚል የነጂ ቃል፣ በቅንነት የተነገረ ቢሆንም እንኳ፣ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ያንኑ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሌላ ነጂ ጉድለቱን ከቅጥር ግቢው ሳይወጣ ሊያውቀው ይችላል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሁለት ሰውና አንድ ክሪክ ይበቃሉ። በመጀመሪያ የጎማዎቹ ንፋስ እኩል መሆኑና ጭነቱ ወደ ኋላ ተከምሮ የፊቱን እግር አለማቅለሉ ይታያል፤ እነዚህ ሁለቱ መሪው ሳይላላ የላላ ሊያስመስሉት ይችላሉና። ከዚያም የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው መሬት ላይ እንደ ቆሙ ረዳቱ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በአጭሩ ያወዛውዛል፤ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ከሆነ ሞተሩ መነሣት አለበት። መካኒኩ ከሥር ሆኖ ከመሪው ሳጥን ጀምሮ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በዓይኑና በእጁ ይከታተላል። አንዱ ዘንግ ሲንቀሳቀስ ቀጥሎ ያለው ከዘገየ፣ ክፍተቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች መላላታቸውም በዚሁ ጊዜ ይገለጣል።

ቀጥሎ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ተደርጎ የፊት ጎማው በክሪክ ይነሣል፤ ክሪኩ ብቻውን ስለማይታመን ጠንካራ እንጨት ይደገፍለታል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ ረዳቱ ፍሬን ይረግጣል። ውዝዋዜው ከጠፋ ጉዳቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ጎማው ወደ ጎንና ጎን የሚታጠፍበት ፒን ተበልቷል ማለት ነው።

በጥገና ረገድ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ሁሉንም በመሪው ሳጥን ማሳበብ ነው። በሳጥኑ ላይ ያለው ማጥበቂያ ብሎን ለመድረስ ቀላል በመሆኑ እርሱን ጠበቅ አድርጎ መኪናውን መልቀቅ የተለመደ ሆኗል። በዘንጎቹ ጫፍ ያሉት፣ በጋራዥ ቋንቋ ቴስቲኒ የሚባሉት መጋጠሚያዎች ተበልተው ሳለ ሳጥኑን ማጥበቅ ግን በሽታውን ከመሸፈን አያልፍም። ከልክ በላይ የጠበቀ ሳጥን ደግሞ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ እንዳይመለስ ያደርጋል። ሳጥኑ መጥበቅ ካለበት ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ በጥቂት በጥቂቱ መሆን ይኖርበታል።

የጉዞ ማዘዣ የሚፈርመው ኃላፊ ሊለየው የሚገባ ነገርም እዚህ ላይ ነው። የማከፋፈያው ቀን ተነግሮ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሰዓት መኪና ማቆም ከባድ ውሳኔ መሆኑ አይካድም። በሳጥኑ ጥርሶች መበላት ብቻ የመጣና ከገደቡ ጥቂት ያለፈ መላላት መኪናውን ጭነት አቅልሎ፣ ቀስ ብሎ እስከ ጋራዥ ሊያደርሰው ይችላል። የተበላ ቴስቲኒ ግን ለአንድ ጉዞም አይፈቀድለትም። ኳሱ ከቤቱ ከወጣ መሪው በነጂው እጅ እያለ ጎማው በራሱ ይሄዳልና። እንዲህ ያለው መኪና ጭነቱ ወደ ሌላ ተዛውሮ ባለበት መቆም አለበት።

መለዋወጫ ጠፋ በሚል ምክንያት በተበላ መጋጠሚያ ውስጥ የካላማዳሪ ቁራጭ ወይም ቆዳ መጠቅጠቅ፣ የመሪ ዘንግ መበየድ፣ ዳዶውን የሚቆልፈውን አሮጌ ሽቦ መልሶ መጠቀም ፈጽሞ ሊደረጉ አይገባም። አዲስ ቴስቲኒ ሲገባ አሮጌው ስንት ዙር ተፈትቶ እንደ ወጣ ተቆጥሮ አዲሱ በዚያው ልክ ይገባል፤ ከዚያም በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከፊትና ከኋላ ተለክቶ መመሪያው በሚያዘው መጠን ይስተካከላል። የአቧራ መከላከያው ጎማ ከተቀደደ አቧራው ከግሪሱ ጋር ተደባልቆ ኳሱን እንደ ሞረድ ስለሚበላው አብሮ መለወጥ ይኖርበታል። ወንዝ ያቋረጠ መኪና በተመለሰበት ቀን፣ የግሪስ መግቢያ ያላቸው መጋጠሚያዎች አሮጌው ግሪስ ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ አዲስ ይሞላላቸዋል። ጥገናው ካለቀ በኋላ ባዶውን መኪና በሜዳ ላይ መሞከር፣ ከመጀመሪያው ጉዞ መልስም ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና በቁልፍ መፈተሽ ያስፈልጋል።